ከሌላ ሠንጠረዥ ወስዶ የጎደለ መረጃ መሙላት፦ ከመጠባበቂያ ቅጂ እስከ ኮሚት

የአባላት መዝገብ አለ፤ ግማሹ ስልክ የለውም፣ ክፍለ ከተማውም ባዶ ነው። የጎደለው መረጃ ደግሞ ቅጽ ሲታደስ በኤክሴል ተለቅሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ለ30 ሰው በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ ለ8,000 ሰው ግን አይታሰብም። ሥራውን የሚሠራው የኤስኪውኤል (ዳታቤዝን የምናዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ ከአምስት መስመር አይበልጥም። ጊዜ የሚወስደውም ሰው የሚሳሳተውም ከትእዛዙ በፊት ባለው ዝግጅት ስለሆነ የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍል እሱ ላይ ነው።

ምሳሌያችን የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ዳታቤዝ ነው፤ የምንሠራው ፖስትግረስ በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው፣ የሌሎቹ ፕሮግራሞች ልዩነት ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ። መሞላት ያለበት ሠንጠረዥ «አባላት» ይባላል፤ ዓምዶቹ የአባል_ቁጥር፣ ስም፣ የአባት_ስም፣ የአያት_ስም፣ ስልክ፣ ክፍለ_ከተማ እና ወረዳ ናቸው። ምንጩ «ምዝገባ» ሲሆን እነዚሁ ዓምዶች አሉት፣ የተሞላበት_ቀን የሚልም ይጨምራል።

የትእዛዝ ቃላቱ እዚህ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ማሽኑ ላይ ስታስገቡ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞች ግን በአማርኛ ቢሆኑም ፖስትግረስም ማይኤስኪውኤልም ያለ ጥቅስ ምልክት ይቀበላሉ።

1. መጠባበቂያ

ክሪኤት ቴብል አባላት_መጠባበቂያ አዝ ሰሌክት * ፍሮም አባላት;

ይህ ትእዛዝ መረጃውን ብቻ ነው የሚገለብጠው፤ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ)፣ ዋና ቁልፍ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየው ዓምድ)፣ ነባሪ እሴት (ሳይሞላ ሲቀር የሚገባው ዋጋ) አብረው አይሄዱም። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ ዋናውን ሠንጠረዥ አጥፍታችሁ ይህን በቦታው አታስገቡ። ከዚህ ውስጥ የድሮውን ዋጋ መልሳችሁ ወደ ዋናው ቅዱ። ሙሉ ዋስትና የሚሰጠው በፒጂ ደምፕ (የፖስትግረስን ዳታቤዝ ወደ ፋይል በሚገለብጠው መሣሪያ) የተወሰደ ፋይል ነው፤ ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል።

2. «የጎደለ» የትኛው እንደሆነ መለየት

ባዶ የሚመስል ሁሉ ናል (ዳታቤዙ «ዋጋ የለውም» ብሎ የሚይዘው እውነተኛ ባዶ) አይደለም። አንዱ ጸሐፊ ሰረዝ ያስገባል፣ ሌላው «የለም» ይላል፣ ሦስተኛው ፕሮግራሙ አላሳልፍ ሲለው 0900000000 ብሎ ይገላገላል። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦

ሰሌክት ስልክ, ካውንት(*) ፍሮም አባላት
ግሩፕ ባይ ስልክ ኦርደር ባይ 2 ዴስክ ሊሚት 20;

ከላይ የሚመጡት በብዛት የተደጋገሙት ናቸው። አንድ ስልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመጣ ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። አርባ ጊዜ ከመጣ ግን የማንም አይደለም። የውሸት ዋጋዎቹን ለይታችሁ ወደ ናል ቀይሯቸው፦

አፕዴት አባላት ሴት ስልክ = ናል
ዌር ትሪም(ስልክ) ኢን ('', '-', '0', '0900000000');

«የለም» ከዝርዝሩ የተተወው ሆን ተብሎ ነው። «የለም» ማለት «አልተሞላም» ላይሆን ይችላል፤ በእርግጥ ስልክ የሌላቸው አባላት ይኖራሉ። መዝገብ ቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩት። ሌላው ነገር፣ ትሪም ከጽሑፉ ዳርና ዳር ተራ ክፍት ቦታን ብቻ ነው የሚያነሳው። ከዎርድ ወይም ከድረ ገጽ ተገልብጦ የገባ ልዩ ክፍት ቦታ (የኮድ ቁጥሩ 160) ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባዶ መስሎ ርዝመቱ 1 የሆነ ሕዋስ ካያችሁ እሱ ነው።

ናልን በእኩል ምልክት አትፈልጉ። «ስልክ = ናል» ምንም ጊዜ እውነት ስለማይሆን ስሕተት ሳያሳይ ዜሮ ረድፍ ይመልሳል። ትክክለኛው «ስልክ ኢዝ ናል» ነው።

አሁን የመነሻ ቁጥራችሁን ያዙ፦

ሰሌክት ካውንት(*), ካውንት(ስልክ), ካውንት(ክፍለ_ከተማ) ፍሮም አባላት;

ካውንት የዓምድ ስም ሲሰጠው ናልን ዘሎ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያውና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት የጎደለው ብዛት ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ኋላ ታመሳክሩበታላችሁ።

3. ምንጩን ከኤክሴል ማስገባት

ኤክሴሉን ስታስቀምጡ ከሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አማራጮች ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ የግዕዝ ፊደሎቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ፣ ከፋይሉም መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ኤክሴል ስልክን እንደ ቁጥር ስለሚያየው ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥላል፤ 10 አሃዝ የነበረው 9 ይሆናል። ይህ ችግር የለውም፣ ይመለሳል። በ251 የሚጀምረውን 12 አሃዝ ግን በአጭር የሳይንስ አጻጻፍ ያሳየዋል፤ እንደዚያ እያሳየ ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፍተዋል። ያኔ ዋናውን ፋይል ከፍቶ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ እንደገና ማስቀመጥ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለም።

«ምዝገባ»ን ስትፈጥሩ ሁሉንም ዓምድ ቴክስት (የጽሑፍ ዓይነት) አድርጉ፣ ቀኑንም ጭምር። ቅጹ የተሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነና ዓምዱን የቀን ዓይነት ካደረጋችሁት፣ ጳጉሜን 3 ማለትም 2016-13-03 ወዲያው ስሕተት ያመጣል። ጥቅምት 30 ማለትም 2016-02-30ም እንዲሁ፣ ምክንያቱም የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም። እነዚህ ጩኸት ያሰማሉ፣ ደግ ነው። የሚያስፈራው የካቲት 30 ነው፦ 2016-06-30 ሰተት ብሎ ይገባና ለዳታቤዙ የ2016 ጁን 30 ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ 2016፣ ሌላው 2024 ብሎ ለአንድ ወቅት ከጻፈ ደግሞ «የቅርቡን ምረጥ» የምትሉት ትእዛዝ ሁልጊዜ የፈረንጁን ይመርጣል። ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የ7፣ ከዚያ በኋላ የ8 ዓመት ልዩነት እንዳለ በማሰብ ዓመቱን ብቻ መቀነስ አይበቃም፣ ወርና ቀኑም ይዛወራል።

ቀጥሎ ስልኮቹን ወደ አንድ ቅርጽ አምጡ። ቅጹ ላይ 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምር አለ፣ በ+251 የሚጀምር አለ፣ +251 09 ብሎ ሁለቱንም የደረበ አለ። የሁሉም የመጨረሻ 9 አሃዝ አንድ ነው፦

አፕዴት ምዝገባ
ሴት ስልክ = '0' || ራይት(ሬጌክስፕ_ሪፕሌስ(ስልክ, '[^0-9]', '', 'ጂ'), 9)
ዌር ሌንግዝ(ሬጌክስፕ_ሪፕሌስ(ስልክ, '[^0-9]', '', 'ጂ')) ኢን (9, 10, 12, 13, 14);

መጨረሻ ላይ ያለችውን ጂ ከረሳችሁ ፖስትግረስ የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ አንስቶ ሌላውን ይተዋል። የርዝመት ገደቡም ያለ ምክንያት አልገባም፤ አንድ ሕዋስ ውስጥ በእዝባር ተለይተው ሁለት ስልክ የተጻፉበት ረድፍ 18 አሃዝ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ገደብ ከሌለ ሁለተኛው ስልክ በዝምታ ይወሰዳል። ከገደቡ ውጭ የቀሩትን በዓይን አይታችሁ ወይ አስተካክሉ ወይ ናል አድርጉ።

4. ማገናኛ ቁልፍ

የአባል ቁጥር ካለ በእሱ ተገናኙ። በስም ብቻ አትገናኙ፦ በብዙ ሺህ አባል ውስጥ ሦስት ስማቸው የሚገጥም ሰዎች አይጠፉም፣ የአንዱ ስልክ ለሌላው ከገባ ደግሞ የብድር ማስታወሻው ለማያገባው ሰው ይደርሳል።

የአባል ቁጥርም ቢሆን ኤክሴል ዜሮውን ስለሚበላው አንዱ ጋ 00147፣ ሌላው ጋ 147 ሆኖ ይገኛል። ለሁለቱም ሠንጠረዥ አዲስ የቁልፍ ዓምድ ፍጠሩ፦

አልተር ቴብል አባላት አድ ኮለም ቁልፍ ቴክስት;
አፕዴት አባላት ሴት ቁልፍ = ኤልትሪም(ትሪም(የአባል_ቁጥር), '0');

ኤልትሪም ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይነቅላል። ለ«ምዝገባ»ም ይህንኑ ድገሙ። ብዙዎች በተቃራኒው ኤልፓድ ተጠቅመው ዜሮ መጨመር ይመርጣሉ፤ ኤልፓድ ግን ከተሰጠው ርዝመት የበለጠውን ስለሚቆርጥ 6 አሃዝ ያለው አባል ሳታውቁት ሌላ ሰው ይሆናል። ዜሮ መንቀል ይሻላል። ከዚያ፦

ክሪኤት ዩኒክ ኢንዴክስ ኦን አባላት (ቁልፍ);

ይህ ሁለት ሥራ ይሠራል። ፍለጋውን ያፈጥናል፤ ዜሮ ሲነቀል 0147 እና 147 ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ከተገኙም አልፈጥርም ብሎ ይነግራችኋል። እንቢ ካለ ምክንያቱን ሳታጣሩ አትለፉ።

ስም ቁልፍ ባይሆንም ምስክር ይሆናል። ቁጥሩ ገጥሞ ስሙ ካልገጠመ ቅጹ ላይ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው። ነገር ግን ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ ሦስት ናቸው፤ ፀሐይና ጸሃይም እንደዚሁ። ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ፊደሎቹን ወደ አንድ አምጡ፦

ትራንስሌት(ስም,
'ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሃሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖኣፀፁፂፃፄፅፆ',
'ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሀሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦአጸጹጺጻጼጽጾ')

ሁለቱም መስመር 37 ፊደል ነው። ታችኛው በአንድ ካነሰ ፖስትግረስ ስሕተት አይልም፤ ጥንድ ያጣውን ፊደል ከስሙ ውስጥ ይሰርዘዋል። ውጤቱን በሁለቱም ሠንጠረዥ «ስም_ማወዳደሪያ» በሚል ዓምድ አስቀምጡ እንጂ በዋናው ስም ላይ አትጻፉበት፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው የሚጻፈው። ምህጻረ ቃሉ ሌላ ጣጣ ነው። «ገ/ማርያም»ን ወደ ገብረማርያም መዘርዘር ይቻላል፣ «ተ/» ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፣ «ወ/»ም እንደዚያው። እነዚህን ለዓይን ተዉአቸው።

5. ምንጩ ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ ብቻ ይኑረው

አንድ አባል ቅጹን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት የተለያየ ስልክ ከሰጠ የትኛው ይገባል? በፖስትግረስ አፕዴት ከሁለቱ አንዱን ይወስዳል፣ የትኛውን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ምረጡ፦

ክሪኤት ቴብል የተጣራ_ስልክ አዝ
ሰሌክት ዲስቲንክት ኦን (ቁልፍ) ቁልፍ, ስም, ስም_ማወዳደሪያ, ስልክ
ፍሮም ምዝገባ
ዌር ስልክ ኢዝ ኖት ናል
ኦርደር ባይ ቁልፍ, የተሞላበት_ቀን ዴስክ ናልስ ላስት;

«ዲስቲንክት ኦን» ለእያንዳንዱ ቁልፍ በድርድሩ መጀመሪያ የመጣውን ረድፍ ብቻ ያስቀራል። «ናልስ ላስት» የሚለው ካልተጻፈ፣ ፖስትግረስ በቁልቁል ሲደረድር ናልን ከላይ ስለሚያደርገው ቀን ያልተጻፈበት ቅጽ ሁልጊዜ ያሸንፋል። «ስልክ ኢዝ ኖት ናል» የሚለውም ከመደርደሩ በፊት መግባት አለበት፤ አለዚያ የቅርቡ ቅጽ ስልክ ሳይኖረው ተመርጦ፣ በቀድሞው ላይ የነበረው ስልክ ይቀራል።

6. መጀመሪያ ማየት

ሰሌክት አ.የአባል_ቁጥር, አ.ስም, ም.ስም, ም.ስልክ
ፍሮም አባላት አ ጆይን የተጣራ_ስልክ ም ኦን አ.ቁልፍ = ም.ቁልፍ
ዌር አ.ስልክ ኢዝ ናል;

«አ» እና «ም» የሁለቱ ሠንጠረዦች አጭር ስም ናቸው። ከላይ ሃያ፣ ከመሃል ሃያ ረድፍ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ መጨረሻው ላይ «ኤንድ አ.ስም_ማወዳደሪያ <> ም.ስም_ማወዳደሪያ» ጨምሩና የማይገጥሙትን ብቻ አውጡ። ጥቂቱ የአጻጻፍ ልዩነት ነው፣ የቀረው የእውነት ስሕተት ነው። የምትጠራጠሩትን ከ«የተጣራ_ስልክ» ሰርዙ፤ ባዶ ስልክ ከተሳሳተ ስልክ ይሻላል። ሲያበቃ የረድፉን ብዛት ቁጠሩና ያዙት። 1,432 ነው እንበል።

7. መሙላቱ

የሞላችሁትን ኋላ ለመለየት የምንጭ ዓምድ ጨምሩ፦

አልተር ቴብል አባላት አድ ኮለም ስልክ_ምንጭ ቴክስት;

ቢጊን;
አፕዴት አባላት አ
ሴት ስልክ = ም.ስልክ, ስልክ_ምንጭ = 'ምዝገባ 2016'
ፍሮም የተጣራ_ስልክ ም
ዌር አ.ቁልፍ = ም.ቁልፍ
ኤንድ አ.ስልክ ኢዝ ናል;

መልሱ «አፕዴት 1432» ከሆነ ኮሚት (ለውጡን አጽኑ)፤ በአንድም ቢለይ ሮልባክ (ለውጡን ሰርዙ)። ከሴት ቀጥሎ ያለው ስልክ ላይ «አ.» አትጨምሩ፣ ፖስትግረስ አይቀበልም። ቢጊን ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላም ምሳ አትሂዱ፦ የተነኩት ረድፎች ተቆልፈዋል፣ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ያንኑ አባል ልታስተካክል ብትሞክር ስክሪኗ እንደቆመ ይጠብቃችኋል።

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «አባላት»ን ፍሮም ውስጥ ደግሞ መጻፍ ነው፦ «አፕዴት አባላት … ፍሮም አባላት አ ጆይን …»። ፖስትግረስ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ያያቸዋል፤ የሚያስተሳስራቸው ሁኔታ ስለሌለ የሁሉም አባል ስልክ በአንድ ሰው ስልክ ይሞላል። ይህ አጻጻፍ በኤስኪውኤል ሰርቨር ትክክል ስለሆነ ከዚያ የመጡ ሰዎች ይወድቁበታል። ሁለተኛው በንዑስ ጥያቄ (በትእዛዙ ውስጥ በቅንፍ በገባ ሌላ ሰሌክት) መሙላት ነው፦

አፕዴት አባላት አ
ሴት ስልክ = (ሰሌክት ም.ስልክ ፍሮም የተጣራ_ስልክ ም ዌር ም.ቁልፍ = አ.ቁልፍ);

በቅንፉ ውስጥ ዌር ስላለ የተገደበ ይመስላል። ከቅንፉ ውጭ ግን ዌር የለም፤ ምንጩ ላይ የሌለ አባል ሁሉ ንዑስ ጥያቄው ናል ስለሚመልስ የነበረው ስልክ ይጠፋል። ሊሞሉ ሲሉ ማጥፋት ማለት ይህ ነው።

8. አድራሻውን በጥቅል

ስልክ ብቻውን ይቆማል፣ አድራሻ ግን አይቆምም። ኮአሌስ (ከተሰጡት ውስጥ ናል ያልሆነውን የመጀመሪያውን ዋጋ የሚወስድ) ተጠቅሞ «ክፍለ_ከተማ = ኮአሌስ(አ.ክፍለ_ከተማ, ም.ክፍለ_ከተማ), ወረዳ = ኮአሌስ(አ.ወረዳ, ም.ወረዳ)» ማለት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ነገር ግን አባሉ ድሮ ጉለሌ ነበረ፣ ወረዳው አልተጻፈም፤ አሁን ቦሌ ገብቶ ወረዳ 13 ብሏል። ኮአሌስ ጉለሌ ወረዳ 13 ብሎ ይሠራለታል፣ የትም የሌለ አድራሻ። ክፍለ ከተማና ወረዳን ከአንድ ረድፍ አንድ ላይ ውሰዱ፦ ወይ ሁለቱም ባዶ ሲሆኑ ብቻ ሙሉ፣ ወይ ክፍለ ከተማው ሲገጥም ብቻ ወረዳውን ጨምሩ።

የክፍለ ከተማ ስሞችንም አስቀድማችሁ አንድ አድርጉ። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ ነው ያላት፤ ግሩፕ ባይ ስታደርጉ 30 ከወጣላችሁ «ን/ስ/ላፍቶ»፣ «ንፋስ ስልክ»፣ «ንፋስ ስልክ-ላፍቶ» ተለያይተው እየተቆጠሩ ነው። ትንሽ የማዛመጃ ሠንጠረዥ በሁለት ዓምድ (እንደተጻፈው፣ ትክክለኛው) ሥሩና በዚያው በተማራችሁት አፕዴት አስተካክሉ። ምንጩ የቆየ ከሆነ ደግሞ ቦሌና የካ የተባሉት ላይ ጥርጣሬ ይኑራችሁ፤ ለሚ ኩራ ከሁለቱ ተከፍሎ ነው የወጣው፣ በድሮ ቅጽ ላይ ቦሌ ያለው አባል ቤቱን ሳይለቅ ዛሬ ለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል።

9. በሌሎች ዳታቤዞች

ማይኤስኪውኤል ላይ ጆይኑ ከሴት በፊት ይመጣል፦ አፕዴት አባላት አ ጆይን የተጣራ_ስልክ ም ኦን አ.ቁልፍ = ም.ቁልፍ ሴት አ.ስልክ = ም.ስልክ ዌር አ.ስልክ ኢዝ ናል። ወርክቤንች (የማይኤስኪውኤል መሥሪያ ፕሮግራም) ስሕተት 1175 ካለ የጥንቃቄ ሁነታው ነው የከለከላችሁ፤ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ብቻ አጥፉት። ሠንጠረዡ የማይአይሳም ዓይነት መሆን አለመሆኑንም እዩ፣ ከሆነ ሮልባክ ምንም አይመልስም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ጥቅስ ከፊቱ ኤን ፊደል ካልተደረገለት በአብዛኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፤ 'የለም' ብላችሁ የፈለጋችሁት ያልተገኘው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ኤስኪውላይት አፕዴት ፍሮምን የሚያውቀው ከ3.33.0 ጀምሮ ነው፣ የ2020 ዕትም። ኦራክል ላይ የተለመደው መርጅ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ምንጩ ላይ ድግግሞሽ ካለ ኦራ-30926 ብሎ ይቆማል። ይህ ከፖስትግረሱ ዝምታ ይሻላል፤ ፖስትግረስም ከ15ኛው ዕትም ጀምሮ መርጅ አለው፣ እሱም በድግግሞሽ ላይ ስሕተት ያመጣል። ኦራክል ባዶ ጽሑፍንና ናልን አንድ አድርጎ እንደሚያይም አትርሱ።

ሠንጠረዡ ሚሊዮን ረድፍ ከደረሰ በቁልፍ ክልል እየከፈላችሁ በ10,000 በ10,000 ሙሉ፣ በየመካከሉ ኮሚት አድርጉ። ፖስትግረስ የተቀየረውን ረድፍ የድሮ ቅጂ ወዲያው ስለማይጥል በመጨረሻ ቫኪዩም አናላይዝ አባላት በሉ። «መጨረሻ የተሻሻለበት» የሚል ዓምድ የሚሞላ ትሪገር (ረድፍ ሲቀየር በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ካለ ደግሞ 1,432ቱም ዛሬ የተሻሻሉ ሆነው ይመዘገባሉ፤ ሪፖርት የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ይወቅ።

10. ከኮሚት በኋላ

የደረጃ 2ን ቆጠራ ድገሙ። የካውንት(ስልክ) ጭማሪ 1,432 መሆን አለበት፣ ካውንት(*) ደግሞ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሳምንት ቆይቶ ምንጩ ችግር እንዳለበት ከታወቀ፣ ስልክ_ምንጭ እና መጠባበቂያው አሉ፦

አፕዴት አባላት ሴት ስልክ = ናል, ስልክ_ምንጭ = ናል
ዌር ስልክ_ምንጭ = 'ምዝገባ 2016';

ይህ የሚሠራው ግን በመካከል ሠራተኛ ስልኩን በእጅ አርሞ ምንጩን ሳይቀይር ካልተወው ነው፤ እንዳይሆን መመዝገቢያው ፕሮግራም ስልክ ሲቀየር ስልክ_ምንጭን 'በእጅ' እንዲል አድርጉት። አሁንም ስልክ የሌላቸውን በቅርንጫፍ ለይታችሁ ዝርዝሩን ላኩ፤ ዝርዝሩ ላይ የአባል ቁጥሩ ከነዜሮው፣ በጽሑፍ ዓይነት ዓምድ ይሁን።